መንገድ ከፍቶ የሚወጣ እጅ

የሕፃን እርግብግቢት ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ብዙ ነው፤ አሳርፎ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ሥራው የገባት ነርስ ሕፃኑ እያለቀሰ ከሆነ አትነካውም። እናቱ አጥብታው፣ እሹሩሩ ብላው ጸጥ እስኪል ትጠብቃለች፤ ከዚያ ቀና ብሎ እንደታቀፈ ሁለት ጣቷን ቀስ አድርጋ ታሳርፋለች። የሚያለቅስ ሕፃን እርግብግቢቱ ያለ በሽታም ይወጠራል፤ ጋደም ያለውም እንደዚያው። ልጁ ቀና ብሎና ተረጋግቶ ሳለ ግን ስፍራው ካበጠ፣ ሲነካም ከጠጠረ፣ ከሥሩ ያለው ግፊት ከልክ አልፏል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ለዚህ ያስፈለገው መሣሪያ ሁለት ጣትና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ስለ ረቂቅ የእጅ ሥራ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ጥልፉን፣ የወርቅ ሥራውን፣ የብራና ጽሕፈቱን ነው። እኔ ዛሬ ማድነቅ የምፈልገው በሕፃናት አንጎል ላይ የሚሠሩትን ሰዎች ነው፤ በተለይም ሃይድሮሴፋለስ የሚባለውን፣ በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ራስን የሚያሳብጠውን ሕመም የሚለዩና የሚያክሙ ሰዎችን። ሥራቸው ከቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው ብዙ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ከጠረጴዛው ከተነሡ በኋላም ረጅም ጊዜ ይቀጥላል። የሙያቸውን ልክ ያየሁትም እዚህ ላይ ነው። የሚሠሩት እነርሱ ዳግመኛ ላይደርሱበት ለሚችሉት ልጅ መሆኑን ያውቃሉ፤ እያንዳንዱን ነገር የሚያደርጉትም ይህን እያሰቡ ነው።

ከጣት ቀጥሎ ሜትር ይወጣል። የማይለጠጥ መሆን አለበት። በአገልግሎት ብዛት የላላ የጨርቅ ሜትር ግማሽ ሴንቲሜትር ይሰርቃል፤ እዚህ ሥራ ላይ ደግሞ ግማሽ ሴንቲሜትር ብዙ ነው። ከፊት ከቅንድብ ከፍ ብሎ፣ ከጆሮ በላይ አልፎ፣ ከኋላ ጭንቅላቱ እጅግ ጎላ ባለበት ስፍራ ይዞራል። አንዴ መለካት አይበቃም፤ ተደጋግሞ ይለካና ትልቁ ቁጥር ይጻፋል። ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ልጅ የራሱ ዙሪያ 35 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በወር 2 ሴንቲሜትር ያህል፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት በወር 1፣ ከዚያ ዓመት እስኪሞላው በወር ግማሽ ሴንቲሜትር ይጨምራል። ቁጥሮቹ በዕድገት ሠንጠረዥ ላይ ነጥብ ሆነው ሲያያዙ መስመር ይሠራሉ፤ የሚነበበውም መስመሩ ነው። አንድ ነጥብ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ባለፈው ወር በመካከለኛው መስመር ላይ የነበረ ልጅ በዚህ ወር ሁለት መስመር ዘሎ ሲገኝ ግን ያ መስመር ይጮኻል።

በዚህ ጊዜ አስተዋይ ሐኪም የሚያደርገው አንድ ነገር በጣም ደስ ይለኛል፤ ሜትሩን ወደ አባትየውና ወደ እናትየው ያዞራል። ትልቅ ራስ በዘር የሚወረስባቸው ቤተሰቦች አሉ። ልጁ ይስቃል፣ በደንብ ይጠባል፣ አንገቱ በጊዜው ይጸናል፣ እርግብግቢቱም ለስላሳ ነው፤ የአባቱ ራስ ሲለካ ደግሞ ከብዙ ሰው ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ቀዶ ሕክምና አለመላክ፣ የታመመውን የመላክ ያህል ሙያ ይጠይቃል።

የታመመው ልጅ ምልክቱ ሌላ ነው። የራስ ቅሉ አጥንቶች የሚገናኙበት መስመር ለጣት ይከፈታል። የራሱ ቆዳ ስስ ሆኖ ይወጠራል፤ ደም ሥሮቹ ይጎላሉ። ዓይኖቹ ወደ ታች ይሰምጡና ከብሌኑ በላይ ነጩ ይታያል፤ ሐኪሞች ይህን ከምትጠልቅ ፀሐይ ጋር አያይዘው ይጠሩታል። ልጁ ያስታውከዋል፣ ይነጫነጫል፣ ወይም ከልክ በላይ ይተኛል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይመጣም። የሕፃን የራስ ቅል ገና ስላልተጋጠመ ግፊቱን እየሰፋ ይችለዋል፤ መቻሉ ነው የሚያዘናጋው።

ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። «ከመቼ ወዲህ ነው፣ እናቴ? ራሱ ሳያድግ በፊት ታሞብሽ ነበር?» እናትየዋ ከሩቅ ነው የምትጀምረው። ጸበል ወስዳዋለች፤ ጎረቤት ዓይን ነው ብሏታል፤ አያቱ ሌላ ነገር ጠርጥራለች። ይህን ሁሉ ሳያቋርጥ የሚሰማ ሐኪም የሚፈልገውን ከመሀል ያገኘዋል። ክርስትና ሳይነሣ ትኩሳት ነበረው፣ ተንቀጥቅጦ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ነው ራሱ ማደግ የጀመረው። በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። በኡጋንዳ ከታከሙት ሕፃናት ከግማሽ የሚበልጡት ሕመሙ የያዛቸው ከተወለዱ በኋላ በደረሰባቸው የአንጎል ኢንፌክሽን ምክንያት እንደሆነ የተገለጠው በእንዲህ ያለ ጥያቄና ፈሳሹ የሚጠራቀምባቸውን የአንጎል ጓዳዎች ገብቶ በማየት ነው። ለዓመታት በላቦራቶሪ አልያዝ ያለውን ጀርም ፍለጋ የቀጠለው የስቲቨን ሺፍ ቡድንም በ2020 ፔኒባሲለስ የሚባል ባክቴሪያን በብዙዎቹ ሕፃናት ፈሳሽ ውስጥ አገኘ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀጥሎ አልትራሳውንድ ነው። እርግብግቢቱ ክፍት እስከሆነ ድረስ የድምፅ ሞገድ በዚያ ይገባል፤ ልጁን ማስተኛት፣ ለጨረር ማጋለጥ አያስፈልግም። መሣሪያውን የያዘው ሰው ግን የጓዳዎቹን መስፋት ብቻ አይቶ አያቆምም። በውስጣቸው መግል ወይም የደም ዝቃጭ አለ? በመጋረጃ ተከፋፍለዋል? አራተኛው ጓዳ ትንሽ ሆኖ ሦስተኛው ከሰፋ መዘጋቱ በመካከላቸው ነው፤ ሁሉም እኩል ከሰፉ መዘጋቱ ከዚያ ወዲያ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ገና ቢላ ሳይነሣ መንገዱን የሚያውቀው ከዚህ ነው።

ጓዳ የምለው በአንጎል ውስጥ ያሉትን አራት ክፍተቶች ነው። ግድግዳቸው ላይ ኮሮይድ ፕሌክሰስ የሚባል ቀይ፣ ሽብሽብ ያለ ሥጋ አለ፤ አብዛኛው ንጹሕ ፈሳሽ የሚመነጨው ከዚያ ነው። በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይመነጫል፤ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግን 150 ሚሊሊትር ገደማ ስለሆነ ፈሳሹ በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ይታደሳል። ከሁለቱ የጎን ጓዳዎች ወደ ሦስተኛው፣ ከሦስተኛው በአንዲት ጠባብ ቦይ ወደ አራተኛው፣ ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቶ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን አጥቦ ወደ ደም ይመለሳል። አንዱ በር ከተዘጋ ምንጩ አያቆምም። ሕመሙ ይኸው ነው።

ለዚህ ሕመም በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተገኘው ዋና መልስ ሻንት ነው፦ ከአንጎል ጓዳ ተነሥቶ በቆዳ ሥር ወርዶ ዛሬ በአብዛኛው ሆድ ውስጥ የሚያፈስ ቀጭን ቱቦ። ቱቦው ቀላል ነበር፤ ከባዱ ቫልቩ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ፣ በትክክለኛው ግፊት መከፈት፣ ከልክ በላይ አለማፍሰስ፣ አለመደፈን፣ በሥጋ ውስጥ ለዓመታት አለመበላሸት አለበት። ይህን የፈቱት ሐኪሞች ብቻቸውን አልነበሩም። በ1955 በፊላደልፊያ አካባቢ ጆን ሆልተር ለሚባል የቁልፍ ፋብሪካ ቴክኒሻን ኬሲ የሚባል ወንድ ልጅ ተወለደለት፤ ልጁ በጀርባው የኅብለ ሰረሰር ክፍተት፣ በራሱም ሃይድሮሴፋለስ ነበረበት። ሆልተር የልጁን ሐኪም ዩጂን ስፒትዝን ችግሩ የቱ ላይ እንደሆነ ጠየቀው፤ ስፒትዝም የሚታመን ቫልቭ አለመኖሩን ነገረው። ሆልተር ነርሷ በጎማ ቱቦ ላይ መርፌ ስትወጋና መርፌው ሲወጣ ቀዳዳው ራሱ ሲገጥም አየ። የተሰነጠቀ ጎማ ከአንድ ወገን ሲገፋ ይከፈታል፤ ከሌላው ወገን ሲገፋ ይዘጋል። ወደ ቤቱ የሥራ ቦታ ሄዶ ከዚህ ተነሣ፤ በመጨረሻም ሥጋ የሚታገሠውን ሲሊኮን አገኘ። በ1956 ቫልቩ በልጅ አካል ውስጥ ገባ። አንድ አባት ልጁ አልጋ አጠገብ ያየውን ነገር ወደ መሣሪያ ሲለውጠው፣ ሰዎቹን በክብር እንድናስታውስ የሚያስገድድ ሥራ ይሆናል።

ሁለተኛውም ታሪክ የአባት ነው። በታኅሣሥ 1960 የደራሲው ሮአልድ ዳል ልጅ ቴኦ፣ የአራት ወር ሕፃን ሳለ፣ በኒውዮርክ ጋሪውን ታክሲ ገጨው። ሃይድሮሴፋለስ ተከተለ፤ የተተከለለትም ቱቦ እየደጋገመ ተደፈነ። ዳል ስታንሊ ዌድ የሚባል፣ ለሞዴል አውሮፕላን ሞተር ትንንሽ ፓምፕ የሚሠራ ሰው ያውቅ ነበር። እርሱንና በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል የነበረውን ቀዶ ሐኪም ኬኔት ቲልን አገናኘ። ዌድ በጠባብ ቤት ውስጥ ሁለት የሚንቀሳቀሱ የብረት ዝርግ ክቦችን አስገባ፤ ከታች ግፊት ሲመጣ ከፍ ብለው ፈሳሹን በዳራቸው ያሳልፋሉ፤ ከላይ ሲገፉ ይገጥማሉ። ዝቃጭ የሚያዝበት ስንጥቅ የለውም። ቫልቩ በ1962 ሲደርስ ቴኦ ራሱ ከዚያ በኋላ አላስፈለገውም፤ በሺህ የሚቆጠሩ የሌሎች ሰዎች ልጆች ግን ታከሙበት። ሦስቱም ከእርሱ ትርፍ ላለመውሰድ ተስማሙ።

ይህን ሁሉ እያደነቅሁ እውነቱን መናገር አለብኝ። ሻንት ዛሬም ብዙ ልጆችን ያድናል፤ ሆኖም ከተተከሉት ከአሥሩ አራት ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ይበላሻሉ። ይደፈናሉ፣ ይነቀላሉ፣ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። ልጁ ሲያድግ ቱቦው ያጥራል። ሻንት ያለው ልጅ ሲያስታውከው ወይም ከወትሮው በላይ ሲተኛ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሐኪም ዘንድ መድረስ ሊኖርበት ይችላል። በፊላደልፊያ ወይም በለንደን ይህ የአምቡላንስ ጉዳይ ነው። ከወንዝ ማዶ ለምትኖር፣ ክረምት ሲገባ መንገዷ ለሚቆረጥባት እናት ግን ያው ቱቦ በልጇ ራስ ውስጥ የተቀመጠ ዕዳ ነው።

ቤንጃሚን ዎርፍ ይህን ያየው ከኤልጎን ተራራ ሥር በምትገኘው በምሥራቅ ኡጋንዳዋ ምባሌ ከተማ ነው። አሜሪካዊ የሕፃናት አንጎል ቀዶ ሐኪም ነው፤ በ2000 ከነቤተሰቡ ወደዚያ ሄዶ በ2001 ሥራ የጀመረውን የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የአንጎል ቀዶ ሕክምና አቋቋመ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር የአስተዋይ ባለሙያ ነው፤ ያለውን መሣሪያ መረመረ። በሕንድ የሚሠራውን፣ ያን ጊዜ 35 ዶላር ያህል ያወጣ የነበረውን ቻብራ የተባለ ሻንት ከ600 ዶላር በላይ ያወጣ ከነበረው ጋር አነጻጸረ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በውጤታቸው ልዩነት አላገኘም። ከዚያ ወደ ከባዱ ጥያቄ ዞረ፦ በልጁ ውስጥ ምንም ነገር ሳይተዉ ማከም ይቻላል ወይ?

ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በ1910 በቺካጎ ቪክቶር ሌስፒናስ የሚባል የሽንት ቧንቧ ሐኪም ፊኛ ለማየት በተሠራ መሣሪያ የሁለት ሕፃናትን ኮሮይድ ፕሌክሰስ አቃጥሎ ነበር። በ1923 በቦስተን ዊልያም ሚክስተር እንደዚሁ የሽንት ቧንቧ መመልከቻ ተጠቅሞ የሦስተኛውን ጓዳ ወለል ከፈተ። ብርሃኑ ደካማ፣ ምስሉ ብዥ ያለ ስለነበር ሥራው ቆመ፤ ሻንት ሲመጣ ደግሞ ተረሳ ማለት ይቻላል። ዎርፍ ሁለቱን አንድ ላይ አመጣቸው፤ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ መክፈት፣ ምንጩንም መቀነስ። ይህ ከቀዶ ሕክምና ዓይነቶች መካከል እጅግ ከማደንቃቸው አንዱ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልናገረው።

በመጀመሪያ ክፍሉ ይሞቃል። የሕፃን ሙቀት በራሱ በኩል ቶሎ ያመልጣል፤ ያበጠ ራስ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የሰመመን ባለሙያው ልጁን ሸፍኖ፣ የሚገባውን ፈሳሽ አሙቆ ይጠብቃል። በእርግብግቢቱ የቀኝ ጠርዝ ትንሽ ቆዳ ይከፈታል። ተፈጥሮ በሩን ስለተወችው አጥንት መብሳት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የአንጎል ወፍራም ሽፋን የሚከፈተው በአጭር ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ መስቀለኛ አይደረግም። ምክንያቱ ገና ሳይጀመር ስለ መጨረሻው ታስቦ ነው፤ ቀጥ ያለ ቀዳዳ አጥብቆ ይሰፋል።

ኢንዶስኮፑ ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ጫፉ የሚታጠፍ መመልከቻ ነው። ወደ ቀኙ የጎን ጓዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው ጸጥ ያለ ውሃና ነጭ ግድግዳ ነው። የእንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ምስል ባየሁ ቁጥር የሚገርመኝ የጸጥታው ነገር ነው። ቀዩ ኮሮይድ ፕሌክሰስ ወደ ፊት እየሄደ አቅጣጫ ያሳያል፤ ሁለት ሰማያዊ ደም ሥሮች የሚገናኙበት ስፍራ ወደ ሦስተኛው ጓዳ የሚያስገባው በር ነው። ቀዶ ሐኪሙ የበሩን ጠርዝ ሳይነካ ያልፋል። ጠርዙ የማስታወስ ሥራ ያለበት የነርቭ ጥቅል ነው፤ እዚያ ላይ ትንሽ ጫና ማሳረፍ ልጁ ለዘለዓለም የሚከፍለው ዋጋ ሊሆን ይችላል።

ወለሉ ላይ ከኋላ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ከፊት ቀላ ያለች ነጥብ አለች። በመካከላቸው ወለሉ በዕንቁላል ቅርፊት ውስጥ እንዳለው ሽፋን ሳስቶ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ይታያል። ከእርሱ ሥር የአንጎል ግንድን የሚመግበው ትልቁ የደም ቧንቧ ይመታል፤ አመታቱ በወለሉ ላይ ይነበባል። እዚህ ላይ ስለት አይገባም፤ እሳትም አይነካም። በደነዘዘ ቀጭን ሽቦ፣ ልክ በመካከለኛው መስመር፣ ከሁለቱ እብጠቶች ፊት ወለሉ ይበሳል፤ ከዚያ ቀስ ተደርጎ ይሰፋል። ስለት ቢሆን የደም ቧንቧውን ሲነካው ይቆርጠዋል፤ ደነዝ ግን ይገፋዋል። መሣሪያው የተመረጠው ለመልካሙ ቀን ብቻ ሳይሆን እጅ ለምትስትበት ሰኮንድም ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ያበቃል ይል ይሆናል። ሙያ ያለው ሰው በቀዳዳው ወደ ታች ይመለከታል። ከሥሩ ሁለተኛ ስስ ሽፋን ሊኖር ይችላል፤ ካለ እርሱንም ይከፍታል። የደም ቧንቧው ራቁቱን እስኪታይ፣ ክፍቱ ቦታ ጥርት እስኪል ይጠብቃል። ከዚያ እጁን አቁሞ የቀዳዳውን ዳር ያያል፤ ከልብ ምት ጋር ወደ ላይ ወደ ታች ከተውለበለበ ፈሳሹ መንገዱን አግኝቷል። የድሮ ኢንፌክሽን ያ ቦታ ላይ ጠባሳ ጥሎ ከሆነም ያን ጊዜ ይታወቃል፤ ቀዶ ሐኪሙም ይህ መንገድ እንደማይበቃ ሊወስን ይችላል። እጁ ውስጥ መሣሪያ ይዞ፣ ሥራውን ጀምሮ፣ ሐሳብን መለወጥ መቻልን ከፍ ያለ ችሎታ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ከዚያ ሁለተኛው ሥራ ይመጣል። ጫፉ ወደ ኋላ ታጥፎ ኮሮይድ ፕሌክሰሱን ከበሩ ጀምሮ ይከተለዋል፤ ጓዳው በሚታጠፍበት ታጥፎ ወደ ታችኛው ቀንድ ይወርዳል። በዝቅተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሳይጎተት፣ ትንሽ በትንሽ ይነካል። ቀዩ ይነጣል፣ ይሸበሸባል። ደም ሥሩ አጠገብ ሲደርስ እጁ ይዘገያል። ከዚያ ሁለቱን የጎን ጓዳዎች የሚለየው ስስ ግድግዳ ይከፈትና በአንዱ መግቢያ ወደ ግራው ተሻግሮ ያው ይደገማል። ግትር መመልከቻ ይህን መታጠፍ ሊያደርግ አይችልም፤ ማድረግ ቢፈልግ በአንጎሉ ላይ ተደግፎ ነው። ቀላ ያለ ደም ብቅ ካለ ማንም አይደናገጥም፤ የሞቀ ሪንገር ላክቴት እየፈሰሰ ውሃው እስኪጠራ ይጠበቃል። የሚገባው ፈሳሽ በልኩ እየወጣ መሆኑን የሚከታተል ሌላ ዓይን ደግሞ አለ፤ መውጫው ከተዘጋ ግፊቱ በልጁ ልብ ምት ላይ ይታያል።

ሲወጣ ሽፋኑ ይሰፋል፣ ከላዩ ያለው ሥጋ ይሰፋል፣ ቆዳው ይሰፋል። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ በአንዲት የላላች ክር ፈሳሽ ከፈሰሰ ኢንፌክሽን በዚያ ይገባል። በልጁ ውስጥ ቱቦ የለም፣ ቫልቭ የለም፣ የሚበላሽ ነገር የለም።

ዎርፍ በ2005 ያሳተመው ውጤት ይህን ሥራ ከምባሌ ውጭ አሳወቀው። ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት መውጫ መክፈት ብቻውን 47 በመቶ ያህሉን ሲያሳካ፣ ምንጩን ማቃጠል ሲጨመርበት 66 በመቶ ሆነ። የኅብለ ሰረሰር ክፍተት ኖሯቸው ሃይድሮሴፋለስ ለያዛቸው ልዩነቱ ከዚያም ሰፋ፤ ከ35 ወደ 76 በመቶ። ከእርሱ ጋር የሠራው ኡጋንዳዊው ዶክተር ጆን ሙጋምባ ሥራውን ተረክቦ ቀጠለው፤ ከአፍሪካና ከእስያ አገሮች የመጡ ቀዶ ሐኪሞችም በምባሌ ሠልጥነዋል። ዎርፍ በኋላ ወደ ቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ሄደ፤ በገጠር አፍሪካ መንገድ ምክንያት የተወለደው ሥራ በአሜሪካ ሆስፒታሎችም ይሠራበት ጀመር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የድል ወሬ ብቻ በሆነ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ሥራቸውን ለክፉው ፈተና አቀረቡት። ከኢንፌክሽን በኋላ ሃይድሮሴፋለስ የያዛቸውን፣ ስድስት ወር ያልሞላቸውን 100 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን በሻንት፣ ግማሾቹን በአዲሱ መንገድ አከሙ። በ2017 የወጣው ውጤት ከአንድ ዓመት በኋላ በልጆቹ የአእምሮ ዕድገትም ሆነ በአንጎላቸው መጠን ጉልህ ልዩነት እንዳልታየ ተናገረ። አንዳንዱ ይህን ሲያነብ ቅር ይለው ይሆናል። ለእኔ ግን ከሥራው ሁሉ ይበልጥ ጥራት ያየሁበት ቦታ ነው። የራሱን ፈጠራ እኩል ነው ብሎ በአደባባይ የሚጽፍ ባለሙያ ቀጥሎ ለሚመጣው ልጅ ታማኝ ነው። እኩል ከሆነ ደግሞ፣ ከሐኪም ቤት ርቆ ለሚኖረው ልጅ በውስጡ የሚደፈን ነገር አለመኖሩ ሚዛኑን ወዴት እንደሚያዘነብል ወላጅ ሁሉ ያውቃል።

ወደ እኛ አገር ስመጣ፣ በኢትዮጵያ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የተጀመረው በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌይ በርገን ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት ለመላው አገር የነበሩት የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ከጥቁር አንበሳ የተመረቁት በየክልሉ ከተሞች ይሠራሉ፤ በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ደግሞ ለሕፃናት ብቻ የተሰጠ ክፍል አለ። እዚያ ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ በጀርባቸው ክፍተት ይዘው የተወለዱ ናቸው። ኅብለ ሰረሰር ተጠቅልሎ የሚገጥመው ፅንስ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ገና ሳያውቁ። ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ሲወሰድ ከዚህ ጉዳት አብዛኛውን ይከላከላል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የቀዶ ሐኪም ብቻ አይደለም፣ ፎሊክ አሲድ ሊጨመርበት የሚችለው የዱቄትና የጨውም ነው።

የጀርባው አዘጋግ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ልጁ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ኢንፌክሽን ሳይቀድም መደረግ አለበት። ጠፍጣፋ ሆኖ ተከፍቶ የቀረውን ነርቭ ከዙሪያው ቆዳ በማጉያ መነጽር ይለዩታል፤ የቆዳ ፍርፋሪ ከውስጥ ከቀረ ከዓመታት በኋላ አድጎ ነርቩን ይጫናል። ከዚያ ዳርና ዳሩን አገናኝተው መጀመሪያ መሆን እንደነበረበት ክብ ያደርጉታል፤ በላዩ ወፍራሙን ሽፋን ውሃ እንዳያሳልፍ አድርገው ይሰፋሉ፤ በላዩ የጡንቻውን ሽፋን፣ በመጨረሻም ቆዳውን። ቆዳው አልደርስ ሲል ከጎንና ከጎን እየለቀቁ፣ ደም እንዳያጣ እየጠበቁ ይስቡታል። ከዚያ በየቀኑ የራሱን ዙሪያ ይለካሉ፤ ጀርባው ሲዘጋ ፈሳሹ በጭንቅላቱ መጠራቀም ሊጀምር ይችላልና።

እናቶቹ ከዚያ የሚማሩትም የዚህ ሥራ ክፍል ነው። ልጁ ሽንቱን በራሱ መጨረስ ስለማይችል በየጥቂት ሰዓቱ በንጹሕ ቀጭን ቱቦ ማውጣት፣ የማይሰማውን እግሩን ከእሳትና ከጫማ ቁስል መጠበቅ፣ እንዲቀመጥ ማለማመድ። ነርሷ ቱቦውን ለእናትየዋ ሰጥታ፣ እጇን ሳትይዝባት፣ ራሷ እስክትችለው ድረስ አጠገቧ ትቆማለች። ዎርፍና ባልደረቦቹ በኡጋንዳ በጀርባ ክፍተት የተወለዱና የታከሙ ልጆችን ዕድሜ ለዓመታት ሲከታተሉ ያገኙት ይህንኑ ነው። ቤት ለቤት እየሄደ የሚረዳ የማኅበረሰብ ተሐድሶ አገልግሎት ባለባቸው ወረዳዎች የነበሩት ልጆች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከጤነኛ እኩዮቻቸው ጋር ተቀራራቢ ነበር። አገልግሎቱ በሌለባቸው ወረዳዎች ግን በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው እጅ ከታከሙት ብዙዎቹ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል።